አስተናግር፦ መርዙና መድኃኒቱ

(የመግቢያ ዋሽንት፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ተራኪ፦ አስተናግር ዘሪም ጠባቂም የሌለው ተክል ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ዳር፣ በከብት በረት ዙሪያ፣ በጉድፍ መጣያ ጥግ፣ ባጠቃላይ አፈሩ ፍግ በጠገበበት ስፍራ ሁሉ ክረምት ሲገባ ብቅ ይላል። ብርዱ በበረታበት ደጋ ይሳሳል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ሲጠጉ ደግሞ ይበዛል።

ቁመቱ ከጉልበት እስከ ደረት ይደርሳል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል፤ በእጅ ሲታሽ ይከረፋል። አበባው የጥሩንባ ቅርጽ አለው፤ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሲሆን የሚከፈተው አመሻሹ ላይ ነው። ፍሬው የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ ዙሪያውን እሾህ ለብሷል። ሲደርቅ ከአራት ይሰነጠቅና ጥቋቁር፣ ጠፍጣፋ ዘሮቹን ያረግፋል። በአንድ ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር በመቶዎች ይቆጠራል።

በአንዳንድ አካባቢ እጸ ፋሪስ ይሉታል። የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ ዳቱራ ስትራሞኒየም ብለው መዝግበውታል። አድማጮች፣ ይህ ተክል ለብዙ ዘመን ለጥርስ ሕመም፣ ለቆረቆር፣ ለቁስልና ለሌላም ሲፈለግ የኖረ ነው። ሰው የሚገድል መርዝም ነው። ታዲያ አንድ ቅጠል እንዴት መድኃኒትም መርዝም ይሆናል?

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ተራኪ፦ አስተናግር ብቻውን የቆመ አይደለም፤ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። እምቧይ ዘመዱ ነው። ግዛዋና አውጥም እንዲሁ። ትምባሆ፣ በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንች ሳይቀሩ ከዚሁ ወገን ናቸው።

የእምቧይ ሥር ለሆድ ቁርጠትና ለነስር፣ ፍሬው ደግሞ ቆዳ ለማልፋት ይውላል። ግዛዋ በብዙ ቤት ይታጠናል። ድንች ግን የዚህ አገር ሰው ከማንኛቸውም በላይ የሚያውቀው ነው፤ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ከገብሱና ከባቄላው ጎን የሚያመርተው የጓዳው ምግብ ነው። ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ የሚነገርለት ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ አገሪቱ ገብቶ የስሜንና የትግራይ ገዥ በነበሩት በደጃዝማች ውቤ ዘመን ቆየ። የስሜንን ዕፀዋት እየለቀመ ወደ አውሮፓ ላከ። በ1878 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ አረፈ።

የድንች ነገር የተነሳው ለምክንያት ነው። ድንችም ቢሆን ፀሐይ መቶት አረንጓዴ ሲሆን ወይም ሲያጎነቁል መርዝ ያበዛል፤ አረንጓዴው ተቆርጦ ካልተጣለ ሆድ ያውካል። የዚህ ወገን ተክሎች ሁሉ ለራሳቸው መከላከያ የሚያዘጋጁት ኬሚካል አላቸው፤ ልዩነቱ በዐይነቱና በብዛቱ ነው። አስተናግር እጅግ የበረታውን ይዟል።

አስተናግር ራሱ የመጣው ከየት ነው? አብዛኞቹ የዕፀዋት ሊቃውንት መነሻው አሜሪካ አህጉር፣ በተለይም የሜክሲኮ አካባቢ እንደሆነ ይናገራሉ። ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የተዛመተው መርከበኞች በሁለቱ ዓለማት መካከል መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ ነው። ዛሬ ግን የአገሬው ተወላጅ እስኪመስል ድረስ በየበረቱ ጥግ ሠፍሯል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ተራኪ፦ አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። አስተናግር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል?

በተክሉ ውስጥ ሦስት ኃይለኛ ኬሚካሎች አሉ፦ አትሮፒን፣ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን። ከሥሩ እስከ አበባው ከእነርሱ ነፃ የሆነ ክፍል የለውም፤ በዘሩ ውስጥ ግን ተከማችተው ይገኛሉ።

የሰው ነርቭ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው መልእክተኛ በሆኑ ንጥረ ነገሮች ነው። ከእነዚህ አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ምራቅ እንዲመነጭ፣ ላብ እንዲወርድ፣ አንጀት እንዲንቀሳቀስ፣ የዐይን ብሌን እንዲጠብ የሚያዘው እሱ ነው። የልብን ትርታ የሚያረጋጋውም፣ አእምሮ አዲስ ነገር እንዲይዝ የሚያግዘውም እሱ ነው። የአስተናግር ኬሚካሎች መልእክተኛው የሚያርፍበትን በር ቀድመው ይዘጉበታል። ትእዛዙ ይላካል፤ የሚቀበለው ግን የለም።

ስለዚህ የተመረዘው ሰው አፉ ይደርቃል፤ ውኃ እንኳ መዋጥ ይቸግረዋል። ላብ ስለማይወጣው ቆዳው ደርቆ ይግላል፤ ፊቱ ይቀላል። የዐይኑ ብሌን ይሰፋና ብርሃን ይወጋዋል፤ ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዝበታል። ልቡ በፍጥነት ይመታል። ሽንቱ ይታገዳል። ከዚያም ይቃዣል፤ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፤ አየር ላይ የሌለ ነገር ሊይዝ እጁን ያወናጭፋል፤ ልብሱን ይጎትታል፤ ይደነግጣል፤ ሊሮጥ ይነሳል። ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። አንጀቱ ስለሚዘገይ መርዙ ቀስ እያለ መግባቱን ይቀጥላል፤ ሕመሙም አንድና ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

ይደገም፦ አፍ መድረቅ፣ የደረቀና የሚያቃጥል ቆዳ፣ የሰፋ የዐይን ብሌን፣ መቃዠት። እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ሲታዩ አስተናግር መጠርጠር አለበት።

(አጭር ዝምታ)

ተራኪ፦ እንግዲህ ወደ ባህል ሕክምናው ይለፍ።

የታወቀው አገልግሎቱ የጥርስ ሕመም ነው። ደረቁ ዘር በጋለ ብረት ወይም በፍም ላይ ይጨመራል፤ አንዳንዱ ቅቤ ይቀላቅልበታል። ሕመምተኛው ከላዩ ጎንበስ ብሎ ራሱን በነጠላ ይሸፍንና ጢሱን ወደ አፉ ይስባል። ጢሱ ኬሚካሉን ተሸክሞ ስለሚወጣ ስሜት ሊያደነዝዝ ይችላል። የተቦረቦረው ጥርስ ግን እዚያው አለ። መግሉ ወደ መንጋጋ ይወርዳል፤ ሰውየው ሕመሙ ስለታገሠለት ብቻ የዳነ ይመስለዋል።

ጢስ መሳቡ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይኸው ልማድ ከህንድ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ለአስም ሕመምተኞች የአስተናግር ሲጋራ ተዘጋጀ፤ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ለረጅም ጊዜ ተሸጠ። የጠበበ የአየር ቧንቧ ስለሚከፍት እውነተኛ ጥቅም ነበረው። የተተወው መጠኑ የተለካ፣ ጉዳቱ ያነሰ መድኃኒት ስለተገኘ ነው።

ሁለተኛው አገልግሎት ለቆዳ ነው። ለጋ ቅጠሉ ተወቅጦ ወይም ተጨምቆ በቆረቆር፣ በጭርትና በፎረፎር ላይ ይቀባል፤ በእብጠትና በቁስል ላይም ይለጠፋል። በጤነኛ ቆዳ ላይ የሚያልፈው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በተከፈተ ቁስል ላይ፣ በተለይ በሕፃን ራስ ላይ ሲለጠፍ ግን መርዙ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ክብደቱም ትንሽ ነው። ለአዋቂ ቀላል የሆነው ለእሱ ብዙ ነው።

(በሩቁ የአብነት ተማሪዎች የንባብ ድምፅ፤ ተራኪው ሲጀምር ይደበዝዛል)

ተራኪ፦ ሦስተኛው አገልግሎት ሰፋ ያለ ጊዜ የሚገባው ነው። አብሾ።

በጎንደር፣ በጎጃምና በሌሎችም የአብነት ትምህርት በሚሰጥባቸው አገሮች፣ ተማሪዎች ልቡናቸው እንዲከፈት፣ የሰሙትን ሁሉ እንዲይዙ አብሾ ይጠጡ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። አብሾ የሚዘጋጀው ከአስተናግር ነው። የጠጣው ልጅ ራሱን ስለሚስት ሰው ይጠብቀዋል፤ ይቀባጥራል፤ ካልተያዘም ገደል ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ጠላና ጠጅ ሲቀምስ አብሾው ይነሳበታል ይባላል። ዛሬም በመጠጥ የሚያብድን ሰው «አብሾ አለበት» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚሁ ነው።

አብሾ በእርግጥ ትዝታን ያጠነክራል? ሕክምናው የሚመልሰው መልስ ከልማዱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በአስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን አእምሮ አዲስ ነገር እንዳይዝ ያግዳል። እንዲያውም ተመራማሪዎች ለመርሳት በሽታ የታሰቡ መድኃኒቶችን ሲፈትኑ፣ በቤተ ሙከራ እንስሳትና በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ጊዜያዊ መርሳት ለመፍጠር የሚጠቀሙት ይህንኑ ኬሚካል ነው። ለማስታወስ የተጠጣው የሚያስረሳ ነው ማለት ነው።

አንድ የቆየ የታሪክ ምስክር አለ። በ1676 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ በቨርጂኒያ፣ ጄምስታውን በተባለ ስፍራ የሠፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች የአስተናግርን ለጋ ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በሉ። 11 ቀን ሙሉ አበዱ፤ ራሳቸውን እንዳይጎዱ ተዘጋባቸው። ወደ ልባቸው ሲመለሱ ካደረጉት አንዱንም አላስታወሱም።

ታዲያ የቅኔ ተማሪው ያ ሁሉ ዕውቀት ከየት መጣ? ከድካሙ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ሲቀጽል፣ ቀን ቁራሽ ለምኖ ሲመለስ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ ሲዘርፍና ሲታረም የያዘው ነው። ያንን ጥረት ለአንድ ቅጠል መስጠት ለሊቃውንቱም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ዛሬ ከፈተና በፊት መላ ለሚፈልግ ወጣት ደግሞ አደገኛ ምክር ነው።

ይደገም፦ አስተናግር ትዝታ አይጨምርም። ያጠፋል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ተራኪ፦ አድማጮች፣ እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ይነሳል። ተክሉ ይህን ያህል መርዝ ከሆነ ሐኪሞች ለምን ይጠቀሙበታል?

እውነት ነው፤ ይጠቀሙበታል። አትሮፒን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። ልቡ ከመጠን በላይ ለዘገየ ሰው በመርፌ ይሰጣል። የዐይን ሐኪም የብሌንን ውስጥ ለማየት ወይም ብሌኑን ለማሳረፍ ከዚሁ ወገን የሆነ ጠብታ ይጨምራል። ለሆድ ቁርጠት የሚታዘዘው ባስኮፓን የተሠራው ከስኮፖላሚን ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለገበሬው ቅርብ የሆነው ሌላ ነው። እንደ ማላታይን ያለ ፀረ ተባይ ሲረጭ የተመረዘ፣ ወይም የጠጣ ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ ሕይወቱን የሚያተርፈው አትሮፒን ነው። ፀረ ተባዩ ምራቁን ያዝረበርባል፤ ሳንባውን በፈሳሽ ይሞላል፤ አትሮፒን ያንን ያደርቃል። አንዱ መርዝ የሌላው ማርከሻ ሆነ።

ልዩነቱ ታዲያ የት ላይ ነው? መጠኑ ላይ ነው። ለዘገየ ልብ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አትሮፒን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም። በአንድ የአስተናግር ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር የዚህን ብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል።

እዚህ ላይ የባህል ሕክምናው ትልቁ ችግር ይገለጣል። መድኃኒት አዋቂው ለዓመታት ያካበተው ልምድ አለ፤ ስለ ብዙ ዕፀዋት የሚያውቀው ሳይንስም የሚፈልገው ነው። አስተናግር ላይ ግን ልምድ አያስተማምንም። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል ይለያያል። በለጋውና በጎመራው፣ በዝናቡና በድርቁ፣ በሥሩና በቅጠሉ፣ በአንዱ ማሳና በሌላው እኩል አይደለም። ባለፈው ዓመት ሦስት ቅጠል ያልጎዳው ሰው ዘንድሮ በሁለት ቅጠል ሊወድቅ ይችላል። በጣት ቆንጥሮ፣ በመዳፍ ለክቶ የሚሰጥ አስተናግር የእምቧይ ካብ ነው፤ በምን ቅጽበት እንደሚናድ ካቡን የሠራው ሰው ራሱ አያውቅም።

ይህን መለካት የሚችለው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ አስተናግር በቤት ውስጥ በአፍ የሚወሰድበት አንድም ደኅና መንገድ የለም።

(የአውድማ ድምፅ፤ በሬዎች ሲያበራዩ)

ተራኪ፦ ሳይፈልጉት የሚመረዙም አሉ። እንዴት?

በእርሻ ውስጥ የበቀለ አስተናግር ከሰብሉ ጋር ይታጨድና አውድማ ይገባል። ዘሩ ከጤፍ ጋር ቢቀላቀል በወንፊት ይለያል። ከኑግ ጋር ሲሆን ግን ጥቁረቱም መጠኑም ስለሚቀራረብ ዐይን ያታልላል፤ ከጥቁር አዝሙድም ጋር እንዲሁ። ኑግ የምትለቅም እናት ብርሃን ባለበት፣ በነጭ ሰፌድ ላይ በትና ብታየው ልዩነቱ ይታያታል፦ የኑግ ፍሬ ረዘም ያለና የሚያብለጨልጭ ነው፤ የአስተናግሩ ጠፍጣፋ፣ ደብዛዛና ገጹ ሸካራ ነው። መፍጨትና መጋገር መርዙን አያጠፋውም፤ እሳት አይፈራምና።

ይህ ጉዳይ ቀልድ እንዳልሆነ ሌላ አፍሪካዊት አገር አይታለች። በ2019 እ.ኤ.አ. በዑጋንዳ ካራሞጃ ግዛት ለርዳታ በተከፋፈለ ዱቄት ውስጥ የዚህ ተክል ወገን መርዝ ተገኝቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ፤ አምስቱ ሞቱ።

ልጆች ሌላው ሥጋት ናቸው። እሾሃማው ፍሬ መጫወቻ ይመስላል፤ ሲሰነጠቅ ዘሩ እጅ ይሞላል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ለመቅመስ አያመነታም። አረም የሚነቅል ሰው ደግሞ ጭማቂው በነካው እጁ ዐይኑን ካሸ፣ የዚያ ዐይን ብሌን ብቻ ሰፍቶ ይቀርና ቤተሰቡን ያስደነግጣል። እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ ይህንን ያስቀራል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ተራኪ፦ አንድ ሰው በአስተናግር ቢመረዝ ምን ይደረግ?

አፉ ውስጥ የቀረ ካለ ይውጣለት፤ ይጉመጥመጥ። በግድ ማስታወክ አይገባም፤ እየቃዠ ያለ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አረቄ፣ ወተት፣ ሌላ ሥራ ሥር አይሰጠው። ሰውነቱ ከጋለ ልብሱ ይላላለትና በርጥብ ጨርቅ ይቀዝቅዝ። ከምድጃና ከገደል ይራቅ። በስሜን ግርጌ ብዙው ቤት ገደል አጠገቡ ነው፤ የሚቃዥ ሰው ደግሞ ፊቱ ያለውን አያይም። በሰንሰለት ወይም በገመድ መጠፈሩ ትኩሳቱን ያብስበታል፤ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የበላው ቅጠል ወይም ፍሬ ካለ አብሮ ይያዝ፤ ሐኪሙ ወዲያው እንዲያውቅ ይረዳል። ሕመሙ የበረታበት ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ ከዳባት እስከ ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር፣ ከደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ ተደርጎ መነገር አለበት። የሚቃዥና የሚቀባጥር ሰው ሲታይ ብዙ ቤተሰብ ጋኔን ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው ብሎ ይጠረጥራል። ጠበል የሚወስደው ይኖራል። እምነቱ የቤተሰቡ ነው፤ ጸሎቱም አይከለከልም። ነገር ግን ቆዳው ደርቆ ከጋለ፣ ብሌኑ ከሰፋ፣ አፉ ከደረቀ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይድረስ። ጠበሉ ከዚያ በኋላ ይጠብቀዋል፤ መርዙ ግን አይጠብቅም።

(ዋሽንቱ ዝቅ ብሎ ይጀምራል)

ተራኪ፦ የመጨረሻው ጉዳይ ተክሉን ማራቅ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሕይወቱን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ አንድ ፍሬ ከፈነዳ ግቢው ለልጅ ልጅ አረም ወረሰ ማለት ነው። ስለዚህ የሚነቀለው ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ በመስከረም ነው። እጅ በፌስታል ይሸፈን፤ ከሥሩ ይነቀል፤ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር። ጢሱም መርዝ ስለሆነ ቤት አጠገብ አይቃጠል። ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ በበረታችሁ ዙሪያ፣ በአጥራችሁ ጥግና በትምህርት ቤት ግቢ ያለውን ነቅላችሁ ቅበሩ።

(ዋሽንቱ ከፍ ብሎ ያልቃል)